የዘጠነኛ ክፍል ወንበር፦ ከሺሺንዳ ሲታይ

ከቦንጋ ተነሥቶ በውሽውሽ የሻይ እርሻ በኩል ወደ ሚዛን የሚጓዝ መንገደኛ ሺሺንዳን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መስኮት ነው። ቡና፣ ማር፣ ዝናብ፣ ጥቂት ሱቆች፤ ከዚያ መንገዱ ይቀጥላል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያለፈ ሰው ግን ሌላ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። ከውስጥ ቀበሌዎች በእግራቸው የመጡ ወጣቶች በትከሻቸው ጆንያ፣ በብብታቸው ደብተር ይዘው ወደ ከተማ ይገባሉ። በጆንያው ውስጥ ያለው የሳምንት ስንቅ ነው፦ ቆጮ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ምናልባትም ለቤት ኪራይ የሚሸጥ ጥቂት ቡና። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ጆንያ ይዘው ይመለሳሉ። በየሳምንቱ እንዲህ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ማለት ለእነርሱ ይህ ነው።

በምጣኔ ሀብት መጻሕፍት ቋንቋ እነዚህ ልጆች ፍላጎት፣ የሚቀመጡበት ወንበር ደግሞ አቅርቦት ይባላል። ነገር ግን ገበያ ላይ የቀረበ ዕቃ ሲያጥር ዋጋው ይወደዳል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወንበር ግን ዋጋ አልተለጠፈበትም። ዋጋ ያልተለጠፈበት ነገር ሲያጥር በሌላ መንገድ ይከፋፈላል፦ በርቀት፣ በፈተና፣ በፈረቃ፣ አንዳንዴም በዘመድ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ የሀገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ብዛት ከሚጻፍ ይልቅ በዚህ የማከፋፈያ መንገድ ቢጻፍ የበለጠ እውነቱን ይናገራል የሚል ነው። ሥርዓቶች ተፈራርቀዋል፤ ሁሉም ወንበር ጨምረዋል፤ ሁሉም ግን ወንፊታቸውን አንድ ቦታ ላይ ዘርግተዋል። የሺሺንዳ ገበሬ ልጅ በየትኛው ወንፊት ላይ እንደቀረ ማወቅ የሥርዓቱን ጠባይ ማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ወንፊት ርቀት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከተከፈቱት ቀደምት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ በ1946 ሥራ የጀመሩት በአዲስ አበባ ነው። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጥቂት ጎበዞችን ሰብስበው እያበሉና እያለበሱ ያስተምሩ ነበር። ለተመረጠው ልጅ ትልቅ ዕድል ነው። ላልተመረጠው ግን ቀጣዩ ክፍል የት እንዳለ እንኳ የሚጠቁመው አልነበረም።

የከፋ ነገር ደግሞ የራሱ ምፀት አለው። እ.ኤ.አ. በ1897 ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው የከፋ ነጋሢዎች ዘመን ካበቃ በኋላ የአካባቢው ስም አልጠፋም፤ እንዲያውም ሰፋ። «የከፋ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ሰፊ ግዛት ተፈጠረና ከተማው ጅማ ሆነ። ስሙ የከፋ፣ መቀመጫው የጅማ። ቦንጋ የአውራጃ ከተማ ብቻ ሆና ቀረች። የመንግሥት ገንዘብ፣ መምህርና መጽሐፍ መጀመሪያ የሚደርሰው የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ስለነበር፣ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ በተለምዶ «ሚኒስትሪ» የሚባለውን ፈተና ያለፈ የቦንጋ አካባቢ ልጅ በእነዚያ ቀደምት ዓመታት ዓይኑን የሚጥለው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ጅማ ላይ ነበር። የሺሺንዳው ልጅ ደግሞ በዚያ ላይ ቦንጋ የሚያደርሰውን መንገድ ይጨምር ነበር።

በዚህ ዘመን ከወጡት ሕጎች አንዱ ትንሽ ቆም ብለን ብንመለከተው አይከፋም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ከመሬት ግብር ጋር አብሮ የሚሰበሰብ የትምህርት ግብር ደነገገ፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ በሚቋቋሙ የትምህርት ቦርዶች አማካይነት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታዘዘ። ሐሳቡ ሲታይ ከዘመኑ ቀድሞ የሄደ ነው። ሕዝቡ ለራሱ ልጆች ትምህርት ይከፍላል፤ አጠቃቀሙንም አካባቢው ይቆጣጠራል። ዛሬ «ያልተማከለ አስተዳደር» እያልን በየዐውደ ጥናቱ የምናወራው ነገር ነው። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነበር። አንደኛ፣ ገንዘቡ የአንደኛ ደረጃውን በር ሲያሰፋ ሁለተኛ ደረጃው ከዚህ ምንጭ ውጭ ስለነበረ የማዕከሉን ቸርነት ከመጠበቅ አልዳነም። ከታች የሚመጣው ልጅ እየበዛ ሄደ፤ ከላይ ያለው በር ግን እንደጠበበ ቀረ። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ ግብሩ በባለመሬቱ ስም ይጻፍ እንጂ ባለመሬቱ ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ማሻገር አያቅተውም ነበር። በደቡቡ የሀገራችን ክፍል የነበረውን የመሬት ሥሪት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ጭሰኛው ልጁ ለማይቀመጥበት ወንበር ከፈለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ጉባኤተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ሕፃናት እንዲዳረስ፣ አንደኛ ደረጃን ከሚጨርሱት መካከልም ከመቶ 30ዎቹ ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንዲገቡ ዕቅድ አወጡ። ከመቶ 30! ያኔ ይህ ታላቅ ምኞት ነበር። ዛሬ ስናነበው ግን ዕቅዱ ራሱ 70ዎቹ ውጭ እንደሚቀሩ አስቀድሞ የተቀበለ መሆኑን እናያለን። አስተናጋጇ ሀገር ከተስፈኞቹ ጎረቤቶቿ ኋላ የነበረች መሆኗ በዚያው መድረክ በግልጽ መታየቱ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ሳያሳፍር እንዳልቀረ እገምታለሁ።

ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» የሚባለው ሰነድ ነው፤ ሴክተር ሪቪው። በ1964 ዓ.ም. ገደማ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ የውጭ ድርጅቶችም ተጨምረውበት ያጠኑት ይህ ሰነድ በሂሳብ ረገድ ስሕተት የለበትም ለማለት ይቻላል። ሀገሪቱ ገንዘብ የላትም፤ ሕፃናቱ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ለብዙኃኑ የገጠር ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንስጥ፤ ወደ ላይ የሚያልፉት ጥቂቶች ይሁኑ የሚል ነው። ነገር ግን ሰነዱን የሰማው ወላጅ ያነበበው ሌላ ነገር ነው፦ «የገበሬ ልጅ በአራተኛ ክፍል ይቁም፤ የባላባትና የሹም ልጅ ይቀጥል»። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የዚህ ዕቅድ መሰረዝ ነበር። ዕቅዱም ተነሣ። ከወራት በኋላም መንግሥቱ ራሱ ተነሣ።

ስለ አብዮቱ የተጻፉት መጻሕፍት የወሎን ረሀብ፣ የነዳጅ ዋጋን፣ የነገሌ ወታደሮችን በሰፊው ይተነትናሉ፤ ተገቢም ነው። የትምህርት ወንበር ጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። እኔ እንደሚመስለኝ እዚያ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ከአንድ አንቀጽ በላይ ነው። የኢትዮጵያ ገጠር ለልጁ ትምህርት የነበረው ፍላጎት አጥኚዎቹ ከገመቱት እጅግ የበለጠ ነበር። አጥኚዎቹ አቅርቦቱን ቆጥረዋል፤ ፍላጎቱን ግን አልቆጠሩም። ያልተቆጠረው ፍላጎት አደባባይ ወጣ።

ደርግ ይህን ተረድቶ ነበር ማለት ይቻላል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን የከፋና የሞቻ ቋንቋም አንዱ ነበር። የመደበኛው ትምህርት ቤት ቁጥርም ከፍ አለ። ወንበሩ ግን ከተማሪው ጋር እኩል ሊሄድ ስላልቻለ መፍትሔው ሰዓቱን መክፈል ሆነ። የጠዋት ፈረቃ፣ የከሰዓት ፈረቃ፤ በአንድ ክፍል ሰማንያና ከዚያ በላይ ተማሪ። የኔ ትውልድ የመጀመሪያ ክፍሎቹን በዚህ ፈረቃ የጀመረ ነውና አላጋነንሁም፤ ሦስት ሆነን በተቀመጥንበት ዴስክ ላይ መጻፍ የሚችለው የመካከለኛው ልጅ ብቻ ነበር። ለከተማ ልጅ ፈረቃ የማይመች ነገር ነው እንጂ የሚያስቀር አይደለም። ሁለት ሰዓት በእግሩ ለሚጓዝ ልጅ ግን የከሰዓት ፈረቃ ማለት በጨለማ ወደ ቤት መመለስ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ጭራሽ ማቋረጥ ነው። የፈረቃ ወንፊት ማንንም «አላለፍክም» አይልም፤ ድምፅ ሳያሰማ ያጣራል።

ወደ ኢሕአዴግ ዘመን ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃውን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ተፈቀደ፤ የከፋም ልጅ በካፊ ኖኖ ፊደል ቆጠረ። በደቡብ ክልል ግን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። መምህሩ ራሱ በማያቀላጥፈው ቋንቋ ሳይንስ የተማረ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ምን ይዞ እንደሚደርስ ለመገመት ዶክተርነት አያስፈልግም። ወንፊቱም የተዘረጋው ከዚያ ከፍ ብሎ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥቂቶቹን ወደ መሰናዶ፣ የቀሩትን ወደ ቴክኒክና ሙያ፣ ከዚያ የተረፉትንም ወደ ቤታቸው ይልክ ነበር።

የቴክኒክና ሙያው ነገር የድሮ ክርክር አለው። ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጋና ሲጽፍ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሙያ ትምህርት ይልቅ ወደ ቀለም ትምህርት የሚገፉት ሥራ ንቀው ሳይሆን ሂሳብ አስልተው ነው ብሎ ነበር፤ ደመወዝ ያለው ቢሮ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ብልህ ወላጅ ልጁን ወደ ቢሮ ይልካል። የኛ ሹማምንት ግን ለዓመታት «የአመለካከት ችግር» እያሉ ሲያስተምሩን ኖሩ። የሺሺንዳው ገበሬ የአመለካከት ችግር የለበትም። የወረዳ ሠራተኛው ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ እንደሚቀበል፣ ሠልጣኙ አናጢ ግን መጋዝ የሚገዛበት እንደሌለው ያያል።

በዚያው ዘመን ከማዕከል የተላከ ሌላ መፍትሔም ነበር፦ ፕላዝማ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ከሳተላይት የሚመጣ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ተደረገ። የመምህር እጥረትን በመስታወት ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው። መብራት ሲጠፋ መምህሩም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ላይ ብዙ ተቀልዷል፤ እኔ ልጨምርበት አልፈልግም።

ከሁሉ በላይ ያልተጻፈው ግን የክፍያው ነገር ነው። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በጀት እስከ ወረዳ ሲወርድ፣ የወረዳው ድጎማ አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል ይታወቃል። ታዲያ ክፍሉን የሚሠራው ማን ነው? ሕዝቡ ነው። እንጨት ያዋጣል፣ ጉልበት ያዋጣል፣ ቡና በሸጠ ሰሞን ገንዘብ ያዋጣል። የ1940ው የትምህርት ግብር በአዋጅ የነበረ ሲሆን ይኸኛው «በፈቃደኝነት» ነው፤ ለዚህም ነው በየትኛውም የበጀት መጽሐፍ ውስጥ ተሰልቶ የማይገኘው። መዋጮው የታሰረው ደግሞ በቡና ዋጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት የዓለም የቡና ዋጋ በአሠርት ዓመታት ወደማይታወቅ ዝቅታ ሲወርድ፣ የከፋ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አጣ፦ ለትምህርት ቤቱ የሚያዋጣውን፣ ለልጁ የቤት ኪራይ የሚሰጠውንም። የኒው ዮርክ የቡና ገበያ በሺሺንዳ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ላይ ድምፅ አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ ረገድ ሌሎች ምን አደረጉ? ኬንያውያን ከነጻነት በኋላ «ሐራምቤ» ብለው በመዋጮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በየመንደሩ ሠሩ፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሐራምቤዎቹ ቁጥር ከመንግሥቶቹ በልጦ ነበር። ወንበር ተገኘ። መምህር ግን በመዋጮ አይሠራምና ብዙዎቹ በፈተና ውጤት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኋላ ቀሩ። የአሜሪካዋ አዮዋ ገበሬዎች መንገድ ደግሞ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣ ሕግ፣ የራሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌለው ቀበሌ ልጁን ለሚቀበለው ጎረቤት ከተማ የትምህርት ወጪውን እንዲከፍል አስገደደ። ማለትም የገጠሩ ልጅ ወደ ከተማው ክፍል የሚገባው እንደ እንግዳ ሳይሆን ሂሳቡ እንደተከፈለለት ሰው ነው። ከተማውም ክፍል ለመጨመር ምክንያት አገኘ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው የኛ መንገድ ለኬንያው ይቀርባል።

ፍላጎት ስንል ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም አይገባም። በከፋ ማንጆ ተብለው የሚታወቁት፣ ከደን ጋር ተያይዞ በሚገኝ መተዳደሪያ የኖሩና ለረጅም ዘመን ከማዕድና ከጋብቻ የተገለሉ ወገኖች አሉ። አብሮ መብላት በሚነፈግበት ማኅበረሰብ ውስጥ በአንድ ዴስክ መቀመጥም ቀላል አልነበረም። ከዚህ ወገን የሆነ ልጅ ትምህርት ሲያቋርጥ መዝገቡ «በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ» ይለዋል። የከተማ ቤት አከራይ ክፍል ከከለከለችው ደግሞ ያ በምንም መዝገብ አይገባም። ፍላጎት የለም ከማለታችን በፊት ፍላጎቱ በስንት በር ላይ ቆሞ እንደተመለሰ መጠየቅ ያሻል።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ወንፊቱ ተነሣ፤ ተማሪው ያለ ብሔራዊ ፈተና ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ይዘልቃል። በየገጠሩ ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መክፈት ነበረባቸው። ክፍል ተገኘ፤ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህር፣ ቤተ ሙከራ፣ መጽሐፍ ግን ከክፍሉ ጋር አብሮ አልመጣም።

ከዚያ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። እኔም ከፈታኞቹ አንዱ ነበርሁ። በመጀመሪያው ማታ አንድ ተማሪ ወደ ምግብ አዳራሹ በር ጠጋ ብሎ «መምህር፣ ምግቡ በነጻ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በነጻ መሆኑን ነገርሁት። ቀጥሎ ስለ ፈተናው አወራን፤ የኬሚስትሪ መምህር ካገኙ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው በምንም ምሬት ሳይሆን እንደ ተራ ነገር ነገረኝ። በማግሥቱ የመልስ ወረቀቱን ሲያጠቁር አየሁት፤ ጥያቄውን የሚያነብ አይመስልም ነበር።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ከመቶ 3.3። በ2015 ዓ.ም. 845,188 ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ ከመቶ 43 ያህሉ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ከ684,205 ተፈታኞች 36,409፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ። ሹማምንቱ የሚያሳዩን የኋለኛውን ቁጥር ነው፤ ከመቶ 3.3 ወደ 8.4 መድረሱን። እኔን የሚያሳስበኝ የፊተኛው ነው። በአራት ዙር ውስጥ የተፈታኙ ቁጥር ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል። በከፊል የጦርነት ውጤት ነው፤ በአማራ ክልል የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ማስታወስ ይበቃል። ግን ጦርነት ብቻ ነው? በፊት የወንበር ያለህ ይል የነበረው ወላጅ ዛሬ ሌላ ሂሳብ ይዟል። ኪራይ፣ ስንቅ፣ ደብተር፣ በለቀማ ወቅት የሚጎድል የልጅ ጉልበት፤ ይህ ሁሉ ለአራት ዓመት ተከፍሎ ከትምህርት ቤቱ አንድም ልጅ የማያልፍ ከሆነ መቆጠብን የመረጠውን አባት ማን ሊወቅሰው ይችላል?

ይህ በታሪካችን አዲስ ነገር ነው። በ1966 ዓ.ም. መንግሥት በሩን ሲያጠብ ሕዝቡ ተቆጣ። አሁን በሩ ተከፍቶ ሳለ ሕዝቡ ራሱ እየተመለሰ ነው፤ ይህን ዓይነቱን መመለስ ደግሞ ሰልፍ ስለማይወጣበት ማንም አያየውም። ወንበር ማለት እንጨቱ ነው ብለን ስለቆጠርን የደረሰብን ነው። መምህር የሌለበት ወንበር በሪፖርት አቅርቦት ይባል እንጂ ለተቀመጠበት ልጅ አቅርቦት አይደለም። መምህሩም በበኩሉ በአንዳንድ የደቡብ ዞኖች በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ደመወዙ ሲቆራረጥበት የቆየ ሰው ነው።

ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቷል፤ ቦንጋም ከክልሉ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲም አላት። ከሺሺንዳ የሚነሣው ልጅ እንደ አያቱ ዘመን ጅማን ማለም አይጠበቅበትም፤ ዩኒቨርሲቲው ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የቀረበበት ቀበሌ ቢኖር አይገርመኝም። ውሳኔውም ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል፤ «አዲስ አበባ ከለከለን» ወይም «ሐዋሳ ረሳን» የሚለው መልስ ከእንግዲህ እንደ በፊቱ አያገለግልም። ለዚህም አዲሱ ክልል ያለ ብዙ ገንዘብ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ነገር ልጥቀስ። በከፋ የቡና ለቀማ የሚጠናከረው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ትምህርት ደግሞ በመስከረም ተከፍቶ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በዚሁ ላይ ይወድቃል። ከውስጥ ቀበሌ የመጣው ተማሪ ሁለት ወር ክፍል ውስጥ አይገኝም፤ በጥር ሲመለስ ፈተና ይጠብቀዋል። ክልሎች የትምህርት ካሌንደራቸውን ከአካባቢያቸው ጋር ማጣጣም ይችላሉ። የቡና ወረዳዎችን ካሌንደር በሦስት ሳምንት የማሸጋሸጉ ጉዳይ በክልሉ ትምህርት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ የሚያውቅ ከሆነ፣ ምን መልስ እንዳገኘ የሚያውቅ አንባቢ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።